ሞልቶ የሚሄድ፣ በኮንትራት የሚሄድ

ከአዳማ ተነስቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ አዋሽ የሚሄድ መንገደኛ መተሐራ አካባቢ ሲደርስ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ያያል፤ እዚያው አጠገብ ደግሞ ከመንገዱ ጥግ ድረስ የተጠጋ ውሃ አለ። የበሰቃ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ የበሰቃ ስፋት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የከረዩ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት ዋጠ፣ አስፋልቱንና የድሮውን የባቡር ሐዲድ አስጨነቀ፣ ጨዋማ ውሃው ከአዋሽ ወንዝ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ከታች ላሉት እርሻዎች ስጋት ሆነ። እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ፣ አቢጃታ በተቃራኒው ዓመት በዓመት ከዳርቻው እየሸሸ ነው።

የአካባቢው ሽማግሌ ውሃው የት ድረስ እንደነበረ በጣቱ ያሳይሃል። በካርታ ላይ በዓመተ ምሕረት ለይቶ ያስቀመጠው ግን ከላይ የተነሳ ፎቶ ነው፤ መጀመሪያ ከአውሮፕላን፣ ከሐምሌ 16 ቀን 1964 ወዲህ ደግሞ ከሳተላይት። በዚያ ቀን አሜሪካኖች ኋላ ላንድሳት 1 የተባለችውን ሳተላይት ከካሊፎርኒያ በዴልታ ሮኬት አመጠቁ። የበሰቃን መስፋትና የአቢጃታን መሸሽ ያጠኑ ብዙዎች የላንድሳትን ፎቶዎች አገላብጠዋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ከፎቶው በፊት ያለው ጉዳይ ነው፤ ዓይኑን ወደ ላይ ያወጣው ማነው? በስንት ብር? በማን ቀጠሮ? ስለ ሳተላይት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መጓጓዣው የተጻፈው ጥቂት ነው። በትልልቆቹ የሮኬት ኩባንያዎችና በትንንሾቹ ስታርትአፖች መካከል የተደረገው ፉክክር ለስምጥ ሸለቆ ሰው ምኑ እንደሆነ የሚገባው ታሪኩን ከሥሩ ሲከተሉት ነው። ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሮኬቶች ትልቅ የሆኑት ለሳተላይት ሲባል አይደለም። መስከረም 24 ቀን 1950 ስፑትኒክን ያወጣው የሶቪየት ሮኬት የተሠራው የኑክሌር ቦምብ ተሸክሞ አህጉር እንዲያቋርጥ ነበር። ስፑትኒክ ራሷ 84 ኪሎ እንኳ አትሞላም፤ ለግዙፉ ተሸካሚ እንደ ላባ ነበረች። ለትንሽ ጭነት ትንሽ ሮኬት ይበቃል የሚለው ሐሳብ ሥጋ ለብሶ የመጣው ጥቂት ቆይቶ፣ ስካውት በተባለው የአሜሪካ ሮኬት ነው። ባለ አራት ደረጃ፣ በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ ቀጭን ሮኬት ነበር።

የስካውት ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ብሮሊዮ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ ከማሊንዲ አጠገብ፣ ባሕር ላይ በእግሮቹ የቆመ የማምጠቂያ መድረክ አዘጋጀና ሳን ማርኮ አለው። ከምድር ወገብ 3 ዲግሪ ብቻ ወደ ደቡብ የራቀ ቦታ ስለሆነ የምድር ሽክርክሪት በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት በነፃ ይመርቃል። ሚያዝያ 18 ቀን 1959 የመጀመሪያው ሳተላይት ከዚያ ተነሳ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963፣ ኬንያ የነፃነት ቀኗን በምታከብርበት ዕለት፣ ከ150 ኪሎ የማትከብድ አንዲት የምርምር ሳተላይት በስካውት ወጣች፤ በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት የሆነው ኡሁሩ የሚል ስም ተሰጣት። የሰማይን የኤክስሬይ ምንጮች ለመቃኘት ብቻ የተላከች የመጀመሪያዋ ሳተላይት እሷ ናት። ምሥራቅ አፍሪካ ትንሽ ሮኬትን ያወቀችው ስታርትአፕ የሚለው ቃል ከመለመዱ ብዙ ቀድማ ነው። ከሳን ማርኮ የመጨረሻው በረራ በ1980 ተደረገ፤ ስካውትም በ1986 ጡረታ ወጣ።

የግል ኩባንያ ተራው የደረሰው መጋቢት 27 ቀን 1982 ነው። ኦርቢታል ሳይንስስ የተባለ ኩባንያ ፔጋሰስን ከቢ-52 አውሮፕላን ክንፍ ሥር አስነስቶ ምህዋር አስገባ። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ዋጋው ግን በየጊዜው እየናረ ሄደና ብዙ ደንበኛ አላፈራም።

ቀጥሎ የመጣው የዚህ ሁሉ ታሪክ መታጠፊያ ነው። በ1994 የተቋቋመው ስፔስኤክስ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ግዙፍነት ነው የሚታየን፤ ሲጀምር ግን ትንሽ ሳተላይት ሊያመጥቅ የተነሳ ጀማሪ ኩባንያ ነበር። ፋልከን 1 የተባለው ሮኬቱ መጋቢት 1998 ወደቀ። መጋቢት 1999 ሳይሳካለት ቀረ። ሐምሌ 2000 ለሦስተኛ ጊዜ ከሸፈ። ገንዘቡ ተሟጦ ነበር። አራተኛው ሙከራ የ2001 የመስቀል ሰሞን፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ትንሽ ደሴት ተነስቶ ምህዋር ገባ፤ በግል ኩባንያ የተሠራ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄድ ሮኬት እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። ሐምሌ 2001 የማሌዥያን ራዛክሳት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ፋልከን 1 አልበረረም። ኩባንያው ትንሹን ሮኬት ሥራ በጀመረበት ማግስት ትቶ በግንቦት 2002 ትልቁን ፋልከን 9 አስነሳ።

ለምን? መልሱ ፊዚክስም የሒሳብ መዝገብም ውስጥ አለ። ሮኬት ሲያድግ የሚይዘው ነዳጅ ከቆርቆሮው ክብደት በበለጠ ፍጥነት ያድጋል፤ ስለዚህ ትልቁ ሮኬት ለአንድ ኪሎ ጭነት የሚያባክነው አካል ያነሰ ነው። የመሪው ኮምፒውተር፣ የደኅንነት ፈቃዱ፣ የማምጠቂያው ጣቢያ፣ ቆጠራውን የሚከታተለው ቡድን ደግሞ 200 ኪሎ ተሸከመም 20 ቶን ወጪያቸው በመቶ እጥፍ አይለያይም። አዳማ መናኸሪያ የሚውል ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የሾፌሩ አበል፣ የመናኸሪያው ክፍያ፣ የረዳቱ ደመወዝ ለ12 ሰው ሲካፈልና ለ60 ሰው ሲካፈል ታሪፉ አንድ አይሆንም።

ስፔስኤክስ ፊቱን ወደ ትልቁ ባዞረበት ዘመን የተሳፋሪው ዓይነት ተለወጠ። ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ በ1991 ገደማ በካሊፎርኒያ የሚያስተምሩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጆርዲ ፑዪግ ሱዋሪና ቦብ ትዊግስ፣ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳተላይት መለኪያ አወጡ፤ ኩብሳት ተባለ። ተማሪ የሚሠራት፣ በሻንጣ የምትያዝ ሳተላይት ተወለደች። የእነዚህ ትንንሽ ሳተላይቶች ባለቤቶች ችግር አንድ ነበር፤ ብቻቸውን ሮኬት የሚከራዩበት አቅም የላቸውም። ስለዚህ የሌላ ሰው ትልቅ ሳተላይት ሲሄድ በቀረው ቦታ ይሳፈራሉ። የሚነሱት ዋናው ጭነት ሲደርስ ነው፤ የሚወርዱትም እሱ በሚወርድበት። ሕንድ የካቲት 8 ቀን 2009 በአንድ ሮኬት 104 ሳተላይቶች አወጣች፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ተሳፋሪዎች ነበሩ።

ስታርትአፖቹ ገበያ ያዩት እዚህ ላይ ነው። የሁሉም ተስፋ አንድ ነበር፤ ሞልቶ የሚሄደውን አውቶቡስ ከመጠበቅ በኮንትራት ባጃጅ ከደጅህ እናንሳህ፣ ደጅህም እናድርስህ። ኒው ዚላንዳዊው ፒተር ቤክ በ1998 የመሠረተው ሮኬት ላብ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ኤሌክትሮን የተባለው ሮኬቱ 18 ሜትር ቁመት አለው፤ አካሉ ከካርቦን ድር የተሠራ፣ የሞተሩ ዋና ዋና ክፍሎች በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ የታተሙ፣ ነዳጁን የሚገፋው በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ። ቢበዛ 300 ኪሎ ያነሳል። ግንቦት 17 ቀን 2009 የመጀመሪያው በረራ ምህዋር ሳይገባ ቀረ፤ ጥር 13 ቀን 2010 ሁለተኛው ገባ።

እዚህ ላይ ወደ እንጦጦ እንውጣ። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ1996 ሲመሠረት ሕዝቡ የሚበላው ሳይኖረው ሰማይ ምን ያደርግለታል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ማኅበሩ ግን እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አስተከለ። በ2009 አካባቢ የመንግሥት የስፔስ ተቋም ቆመ፤ ዶክተር ሰሎሞን በላይ መሩት። ከዚያም ከቻይና ጋር ስምምነት ተደረገና የኢትዮጵያ መሐንዲሶች ከቻይናውያን ጋር እየሠሩ የመጀመሪያዋን ሳተላይት አዘጋጁ። ኢቲአርኤስኤስ-1 ተባለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ፤ የፎቶዋ አንድ ነጥብ መሬት ላይ 13.7 ሜትር። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉን ቻይና ሸፈነች።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። በዚያን ጊዜ በኤሌክትሮን ብቻዋን ትሂድ ቢባል የሮኬቱ ኮንትራት ከ5 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል። ሳተላይቷን ለመሥራት፣ መሐንዲሶቹን ለማሠልጠንና ለማምጠቅ በጠቅላላ የተመደበውን ገንዘብ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ የእኛ ልጅ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ ከጧቱ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ሰሜን ቻይና ካለው ታይዩዋን ጣቢያ ሎንግ ማርች 4ቢ ተነሳ። የጉዞው ባለቤት ቻይናና ብራዚል በጋራ የሠሯት ሲቤርስ-4ኤ ነበረች፤ 1,730 ኪሎ ትመዝናለች። ከእሷ ጋር ስምንት ትንንሽ ሳተላይቶች ሄዱ፤ አንዷ የኛዋ። እንጦጦ ላይ በዚያ ብርድ ንጋት ባለሥልጣናትና ተመራማሪዎች ተሰብስበው በስክሪን ይከታተሉ ነበር። ያን ንጋት ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

የኢቲአርኤስኤስ-1 ምህዋር ከምድር 628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። የሲቤርስ-4ኤም እንዲሁ። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ተሳፋሪ የሚወርደው አውቶቡሱ የሚቆምበት ነው። ደግነቱ ሁለቱም መሬት የሚቃኙ ስለሆኑ ሁለቱም በየቀኑ በአንድ የፀሐይ ሰዓት ማለፍ ይፈልጋሉ፤ የሲቤርስ ፌርማታ ለእኛም ፌርማታ ሆነን። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013፣ ሁለተኛዋ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ከደቡብ ቻይናው ዌንቻንግ ወጣች። ክብደቷ 9 ኪሎ አይሞላም። የተሳፈረችው በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ፣ ከሌሎች አራት ሳተላይቶች ጋር ነው። አዲስ ሮኬት በመጀመሪያ ጉዞው አይታመንም፤ ውድ ሳተላይት ያለው ሰው ሌላው ይሞክርልኝ ይላል። ያ የሚያስፈራ ወንበር ለትንንሾቹ ይቀራል። ሮኬቱ ተሳካለት።

በዚሁ ጊዜ ስፔስኤክስ ስታርትአፖቹ የቆሙበትን መሬት አንቀጠቀጠው። ፋልከን 9 ታኅሣሥ 2008 የታችኛው ክፍሉ ተመልሶ ቆሞ አርፎ፣ መጋቢት 2009 ደግሞ ያገለገለ ክፍል እንደገና በርሯል። ኩባንያው በ2011 ክረምት ለትንንሽ ሳተላይቶች ብቻ የሚሆን መደበኛ ጉዞ አወጀ፤ ለ200 ኪሎ 1 ሚሊዮን ዶላር። ለኪሎ 5,000 ዶላር ማለት ነበር። የኤሌክትሮን ኮንትራት፣ 300 ኪሎውን ሞልተህም ቢሆን፣ ለኪሎ ወደ 20,000 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። ጥር 16 ቀን 2013 የመጀመሪያው ጉዞ 143 ሳተላይቶች ይዞ ወጣ። በታሪክ በአንድ ሮኬት የዚያን ያህል ሳተላይት ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ከወር በኋላ ፒተር ቤክ ካሜራ ፊት ቀርቦ ኮፍያውን በመፍጫ ፈጭቶ ቀመሰ። ትልቅ ሮኬት ከሠራሁ ኮፍያዬን እበላለሁ ብሎ ነበር፤ በዚያን ዕለት 8 ቶን የሚያነሳ ኒውትሮን የተባለ ሮኬት እንደሚሠራ አስታወቀ። በትንሽ ሮኬት ከሁሉም የተሳካለት ሰው ትንሹ ብቻውን እንደማያኖር በገዛ አፉ መሰከረ።

ሌሎቹ ያን ያህል ጊዜ አላገኙም። ቨርጂን ኦርቢት ሮኬቱን ከቦይንግ 747 ክንፍ ሥር የሚለቅ ኩባንያ ነበር፤ ጥር 2013 ምህዋር ደረሰ፤ ጥር 1 ቀን 2015 ከእንግሊዝ አገር የተነሳው በረራው ከሸፈ፤ በመጋቢት መጨረሻ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። አስትራ እጅግ ርካሽ ሮኬት በብዛት እሠራለሁ ብሎ ሰኔ 2014 የናሳን ሁለት የማዕበል መከታተያ ሳተላይቶች ይዞ ወደቀ።

ስለ እነዚህ የናሳ ሳተላይቶች ግን ትንሽ ልቆይ፤ ለኮንትራቱ የሚከራከር ሰው ቢኖር ምስክሩ እነሱ ናቸውና። ትሮፒክስ ይባላሉ። የሐሩር ክልልን ማዕበል በየሰዓቱ ለመከታተል ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቅ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ምህዋር ያስፈልጋቸዋል። የስፔስኤክስ አውቶቡስ በአብዛኛው በዋልታዎቹ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወደዚያ ፌርማታ አይሄድም። አስትራ ሲወድቅ የቀሩትን አራቱን ሮኬት ላብ ተረከበ፤ በ2015 ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት በሁለት ኤሌክትሮን፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ልክ በሚፈለገው ቦታ አደረሳቸው። ኮንትራት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ኤሌክትሮን ከ50 ጊዜ በላይ የበረረውም እንዲህ ያሉ ደንበኞች ስላሉት ነው።

የጎረቤታችን የኬንያ ሳተላይት ታይፋ-1 ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በፋልከን 9 አውቶቡስ ወጣች። እኛ ዘንድ ቀዳም ሥዑር ነበር። ቀጠሮው በአየር ጠባይ ምክንያት ደጋግሞ ሲራዘም ናይሮቢ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ እንመለስ። ከ2006 ጀምሮ የሸለቆውን መሬት ከሁሉ አብልጦ የተከታተለው የአውሮፓውያኑ ሴንቲነል-1 ነው። ይህ ካሜራ አይደለም፤ ራዳር ነው። ሌሊትም ደመናም አያግደውም። አንድን ቦታ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ይቃኛል፤ የሁለቱ ምልክቶች ልዩነት መሬቱ በሴንቲ ሜትር ተነስቶ ወይም ሰጥሞ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ሳተላይት ሲሆን በያዘው መስመር በ12 ቀን አንዴ ይመለሳል፤ ሁለት ሲሆኑ በ6 ቀን። ከሁለቱ አንዷ ታኅሣሥ 2014 የኃይል ብልሽት ደርሶባት ሞተች። ምትኳ ሴንቲነል-1ሲ ተሠርታ ነበር፤ የምትሳፈርበት ግን ቬጋ ሲ የተባለው የአውሮፓ ትንሽ ሮኬት ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ያ ሮኬት ሁለተኛው ደረጃ ላይ የጭስ መውጫው ተበልቶ ወደቀ። ጥገናው ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ። ሳተላይቷ ሁለት ዓመት መጓጓዣ ጠበቀች።

እሷ ስትጠብቅ መተሐራ አጠገብ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነቃ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአዋሽ፣ በመተሐራና በፈንታሌ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አዳማም አዲስ አበባም በፎቅ ቤት ያለ ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ አየ። መሬቱ ተሰነጠቀ። የሴንቲነል-1ኤ የራዳር ምስሎች ምክንያቱን አሳዩ፤ ቅልጥ አለት ከሥር በስንጥቅ እየተሽሎከለከ በብዙ ኪሎ ሜትር ርዝመት መሬቱን ይለያይ ነበር። ይህን ከመተሐራ ቆሞ ማየት አይቻልም። ያየችው ብቻዋን የቀረችው፣ በ12 ቀን አንዴ በአንድ መስመር የምትመለሰው ሳተላይት ናት። የኛ ኢቲአርኤስኤስ-1 ለእርሻና ለደን የተሠራች፣ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ የምታነሳ ነበረች፤ እንዲህ ላለው ሥራ አልተፈጠረችም።

ቬጋ ሲ ወደ ሥራ ተመልሶ ሴንቲነል-1ሲን ያወጣው ኅዳር 26 ቀን 2017 ነው። ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ መንቀጥቀጡ በረታ፤ ዶፈን ተራራ አጠገብ መሬት በእንፋሎትና በጭቃ ተነፈሰ፤ በአፋርም በኦሮሚያም በአማራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ። የካቲት 7 ቀን ከሁሉ የከፋው፣ 6 የተለካ መንቀጥቀጥ መጣ። አዲሲቱ ሳተላይት በዚያን ጊዜ ገና መሣሪያዎቿ እየተፈተሹ ነበር።

በጥቅምት 2018 እኅቷ ሴንቲነል-1ዲ ተከተለች። እሷ የሄደችው በትልቁ፣ በአርያን 6 ነው።